ማን ይጦረናል?

(በስቶክሆልም በአንድ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ በትንሹ ብቻ ተስተካክሎ የቀረበ)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ግቡ፣ ግቡ። ከፊት ወንበር አለ። እዚህ ፊት የተቀመጠ ሰው ጥያቄ አይጠየቅም፣ አትፍሩ።

አስተባባሪዎቹን አመሰግናለሁ። ሲጠሩኝ «ስለ ጡረታ ትንሽ ንገሪን» ነው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ስለ ጡረታ ትንሽ መናገር አልችልበትም። አሁን የምሠራው አንድ ኮሙን፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነው፣ በጀት ክፍል። ከዚያ በፊት ግን ለረጅም ጊዜ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት በኩል አይቼዋለሁ። ከቁጥሩ በኩልም፣ ከአልጋው በኩልም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ይህ አገር አረጋውያንን መጦር እንዴት ጀመረ? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ለምንስ ጠበበ? ሦስተኛ፣ እኛስ የት ነን? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። አለዚያ ሰባት ስንቀንስ ስምንት ስንደምር ይመሽብናል።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

ስዊድን ሁሌም ሀብታም አልነበረችም። ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ እዚህ ተወልደው እንዲህ ሆና የተፈጠረች ነው የሚመስላቸው። ከ1850 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስዊድናዊ አገሩን ጥሎ ሄዷል፣ አብዛኛው ወደ አሜሪካ። ስደተኞች ነበሩ! እንደኛው! ወጣቱ ሲሄድ ማን ቀረ? አረጋዊው ቀረ። ጧሪ የሌለው ድሀ ሽማግሌ ምን ይደረግ ነበር መሰላችሁ? ጨረታ ላይ ይቀርብ ነበር። አልቀለድኩም። የሰበካው ሰዎች ይሰበሰባሉ። «ይህን ሽማግሌ በትንሽ ክፍያ የሚይዝ ማነው?» ይባላል። ከሁሉ ያነሰ ዋጋ የጠራ ገበሬ ይወስደዋል። ወላጅ የሌላቸው ልጆችም እንዲሁ። ይህ ነገር በሕግ የተከለከለው በ1918 ነው።

እንግዲህ ከዚያ የመጡ ሰዎች ናቸው በ1913 ለሁሉም ሕዝብ የሚሆን የጡረታ ሕግ ያወጡት። ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም! በዓለም የመጀመሪያው ነው ይባላል። ገንዘቡ ግን ኢምንት ነበር። የጡረታው ዕድሜስ? 67። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን ስዊድናዊ በአማካይ 60 ዓመት እንኳ አይኖርም ነበር። በጀት ክፍል እንደሚሠራ ሰው ስናገር፣ ሒሳቡ ግሩም ነው። አብዛኛው ሰው ሳይደርስበት ያልፋላ!

ቀጥሎ የሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ መሪ ፔር አልቢን ሃንሰን ይመጣል። በ1928 ፓርላማ ውስጥ አገር እንደ ጥሩ ቤት መሆን አለበት ብሎ ተናገረ። በጥሩ ቤት ውስጥ የሚሞላቀቅ ልጅ የለም፣ የእንጀራ ልጅም የለም አለ። «የሕዝብ ቤት» የሚሉት ነገር ከዚያ ነው የተስፋፋው።

በ1930ዎቹ ግን ሌላ ድንጋጤ መጣ። ስዊድናውያን መውለድ አቆሙ። አልቫ እና ጉናር ሚርዳል የሚባሉ ባልና ሚስት በ1934 መጽሐፍ ጽፈው አገሩን አናወጡት። ያሉት ባጭሩ ይኼ ነው፦ ሰው ልጅ የማይወልደው ልጅ ስለሚጠላ አይደለም፣ ልጅ ስለሚያደኸየው ነው። ስለዚህ የልጁን ወጪ አገር ይጋራ። የልጆች ገንዘብ፣ የወሊድ እርዳታ፣ የትምህርት ቤት ምሳ፣ ብዙው ነገር ከዚያ ክርክር ነው የወጣው። ለሁሉም ልጅ የሚከፈለው ባርንቢድራግ በ1948 ተጀመረ። ዛሬ ለአንድ ልጅ በወር 1,250 ክሮኖር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ያው «የሕዝብ ቤት» በ1930ዎቹ የማምከን ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ሲሠራ 63 ሺህ ያህል ሰው መከነ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ሁሉም ተገደው ባይሆንም ብዙዎቹ ተገደው ወይም ተጫኑ። «ማን ይውለድ፣ ማን አይውለድ» ብሎ መንግሥት ሲቆጥር እንዲህም ይሆናል። ካሳ መከፈል የጀመረው በ1999 ነው። ዛሬ ስለ ሕዝብ ቁጥርና ስለ ወሊድ ሲወራ ስሰማ ይህ ጉዳይ ከጭንቅላቴ አይጠፋም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ1959 ትልቁ የሠራተኞች ጡረታ ሕግ ፓርላማ ቀረበ። በስንት ድምፅ አለፈ መሰላችሁ? በአንድ! አንድ የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ድምፀ ተአቅቦ ስላደረገ አለፈ። በ1974 እናትም አባትም የሚካፈሉት የወላጅነት ፈቃድ ተጀመረ። በ1976 የጡረታ ዕድሜ ከ67 ወደ 65 ወረደ። ሁሉም ነገር ወደላይ፣ ወደላይ፣ ወደላይ! ግብሩም እንደዚያው። በዚያው በ1976 የልጆች ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ከተጨማሪ ገቢዋ ላይ 102 በመቶ ግብር እንደተጠየቀች በጋዜጣ ተናገረች። ከመቶ ብር መቶ ሁለት! አገሩ ሳቀ፣ ተቆጣም። በዚያው መከር ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከአርባ ዓመት በላይ ከቆዩበት ሥልጣን ወረዱ። እሷ ብቻ ጣለቻቸው አይባልም፣ ግን አግዛለች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንሂድ። ዋናው እሱ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በየወሩ ለጡረታ ተብሎ የሚከፈልላችሁ ገንዘብ አሁን የት ነው ያለው? … ባንክ? … መንግሥት ካዝና? … «ፔንሾንስሚንዲግሄተን» አሉ ከኋላ፣ የጡረታ መሥሪያ ቤቱን። ጥሩ ነው፣ ስሙን በትክክል መጥራት ራሱ ስኮላርሺፕ ያሰጣል። መልሱ ግን፦ አብዛኛው የትም የለም። ወጥቷል። ለጡረታ ከሚታሰበው ገቢያችሁ 18.5 በመቶ ይያዛል። ከዚህ ውስጥ 2.5ቷ በስማችሁ ፈንድ ውስጥ ትገባለች። 16 በመቶው ግን አሁን ጡረታ ላይ ላሉት ሰዎች ተከፍሏል። እናንተ ያላችሁ የተጻፈ ቁጥር ነው። ላም አለኝ በሰማይ!

አትደንግጡ። ላሟ አለች። ግን ወተቷን የሚያልበው ገና ያላደገ ልጅ ነው። እናንተ ስታረጁ የእናንተን ጡረታ የሚከፍሉት በዚያን ጊዜ የሚሠሩት ናቸው። ዕድር እንደማለት ነው። ወርኃዊ መዋጮ እንከፍላለን፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑ ይተከላል። አሁን አስቡት፣ ዕድሩ ውስጥ አዲስ አባል ባይገባ፣ ነባሮቹም ሁሉ በአንድ ዘመን ቢያረጁ፣ ድንኳኑን ማን ይሸከማል? ገንዘብ ያዥው ሌባ መሆን አያስፈልገውም። ሁሉም ታማኝ ሆኖ እንኳ ዕድሩ ይፈርሳል።

ስዊድን ይህን በደንብ የተማረችው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። እዚህ ከኔ ጋር በዚያ ዘመን የመጣችሁ ታስታውሳላችሁ። ባንኮቹ ተንገዳገዱ። በመስከረም 1992 ማዕከላዊ ባንኩ ክሮኖሩን ለማዳን ወለዱን 500 በመቶ አደረሰው። አምስት መቶ! አልዳነም፣ በኅዳር ለቀቁት። ሥራ አጥነቱ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ ሆነ። ከዚያ ቁርጡ መጣ። ስትታመም የመጀመሪያዋ ቀን የማትከፈል ሆነች። ባርንቢድራግ በ1996 ከ750 ወደ 640 ክሮኖር ወረደ። 110 ክሮኖር ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እኔ ያን ጊዜ ደረሰኙን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ የክረምት ጫማ ከሚገዛላቸው ልጆች ውስጥ ማን እንደሚቀድም እመርጥ ነበር።

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ግን ፖለቲከኞቹ አንድ ትልቅ ነገር ሠሩ። አምስት ፓርቲዎች፣ ግራም ቀኝም፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ጡረታውን እንደ አዲስ አበጁት። ሕጉ በ1998 ወጣ። እኔ ይህን ሥራ አደንቀዋለሁ፣ ደግሞም ያናድደኛል። ለምን? ልንገራችሁ።

በድሮው ሥርዓት መንግሥት «ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» ብሎ ቃል ይገባ ነበር። በአዲሱ «ይህን ያህል አስገብተሃል፣ እናያለን» ይላል። ጡረታ ስትወጡ ያጠራቀማችሁት ቁጥር ይካፈላል። የሚካፈለው የእናንተ ዕድሜ እኩዮች ገና ስንት ዓመት እንደሚኖሩ በሚገመተው ነው። እኩዮቻችሁ ብዙ የሚኖሩ ከሆነ ወርኃዊው ይቀጥናል። ዕድሜ ስጠን ብለን እንጸልያለን፣ ዕድሜው ሲሰጥ ወርኃዊው ይቀነሳል! አሁን የስዊድን ሴት በአማካይ 85፣ ወንዱ 82 ዓመት ይኖራሉ። ይህ ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ ፍሬን አለው። ገቢና ዕዳው ካልተመጣጠነ ፍሬኑ ራሱ ይይዛል፣ ማንም ሚኒስትር ሳይፈርም። በ2010፣ በ2011 እና በ2014 ያዘ። መንግሥት የጡረተኞችን ግብር ቀነስ አድርጎ አስታገሰው እንጂ ጩኸቱ ቀላል አልነበረም።

ዕድሜውም ተመልሶ ወጣ። የመሠረታዊው ጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 66፣ ከዚያ በ2026 ወደ 67። በ1913 ስንት ነበር አልኳችሁ? አዎ፣ 67! መቶ ዓመት ዞረን እዚያው። ልዩነቱ አሁን ሰዉ እየደረሰበት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የገንዘቡን ጥያቄ ስዊድን መልሳዋለች። ሌሎች አገሮች በጡረታ ዕድሜ ምክንያት ጎዳና ላይ ጎማ ሲያቃጥሉ እዚህ ነገሩ ጸጥ ያለው ለዚህ ነው። አይከስርም። ስታረጁ ግን ቀጭን ይሆናል። አደጋውን መንግሥት ከራሱ ትከሻ አውርዶ በሽማግሌው ትከሻ ላይ አድርጎታል።

ያልተመለሰው የእጅ ጥያቄ ነው። የሰው እጅ! ይህን ከቁጥር አይደለም ያወቅሁት።

በሠራሁበት ቤት አንዲት የዘጠና ምናምን ዓመት እናት ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ገንዘብ አልቸገራቸውም፣ ጡረታቸው ከኔ ደመወዝ ሳይበልጥ አይቀርም። ማታ ሳጥባቸው ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ ውሃውን በክርኔ እለካለሁ። ከዚያ እግራቸውን፣ ከዚያ ጀርባቸውን። ፀጉራቸው ላይ ውሃ ሲፈስ ይፈራሉ፣ ስለዚህ በእጄ ግንባራቸውን ሸፍኜ ቀስ እያልኩ ነው። አንድ ቀን እንዲህ እያጠብኳቸው «ለመሆኑ አንቺ እዚህ እኔን ስታጥቢ እናትሽን ማን ያጥባታል?» አሉኝ። ደሴ ያለችው የእህቴ ልጅ አልኳቸው። «ትከፍያታለሽ?» አሉኝ። ገንዘብ እልካለሁ፣ ደመወዝ አይደለም ግን አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ታዲያ እሷ ስታረጅስ?» አሉኝ። አስተማሪ አይደሉ!

አሁን ከኢኮኖሚው ጋር ላገናኘው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲሻሻል አንድ ሠራተኛ የአምስቱን ይሠራል። እናትን በማጠብ ግን እንዲህ የለም። በ1970 ሃያ ደቂቃ የፈጀ ሻወር ዛሬም ሃያ ደቂቃ ነው። የሠራተኛው ደመወዝ ግን ከሌላው ጋር ማደግ አለበት፣ አለዚያ ማን ይመጣል? ስለዚህ እንክብካቤ ከዓመት ዓመት ከሌላው ነገር ሁሉ እየተወደደ ይሄዳል። የማንም ጥፋት አይደለም። ኮሙኖቹ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ደቂቃ ይቆጥራሉ። በየቤቱ እየዞራችሁ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ስልኩ ላይ «ቁርስና መድኃኒት፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ሽማግሌው በሩን እስኪከፍቱ አራቱ ያልቃል። ቡና ቢሉሽ መቀመጥ የለም።

አሁን ደግሞ የሕዝቡን ነገር ጨምሩበት። በ1940ዎቹ እዚህ አገር ብዙ ልጅ ተወልዷል። እነዚያ ልጆች አሁን 80 እየሞላቸው ነው። 80 ማለት የሰው እጅ በብዛት መፈለግ የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ከታች ደግሞ መውለዱ ወርዷል። ሕዝብ ራሱን እንዲተካ አንዲት ሴት በአማካይ 2.1 ልጅ መውለድ አለባት። ስዊድን በ1990 እዚያ ደርሳ ነበር። በ1999 ወደ 1.5 ወረደች። በ2010 ወደ 2 ተጠጋች። በ2023 ደግሞ 1.45 ሆነ፣ በ2024 ከዚያም ዝቅ አለ። ይህ አገር ሕዝቡን መቁጠር ከጀመረበት ከ1749 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው ለወላጆች 480 ቀን ፈቃድ በሚሰጥ አገር ነው! የመዋዕለ ሕፃናት ክፍያ ጣሪያ ባለው አገር! ዩኒቨርሲቲ በነፃ በሆነበት! ሚርዳሎቹ «ልጅ ስለሚያደኸይ ነው» ብለው ነበር። ዛሬ ያን ያህል አያደኸይም። ታዲያ ምንድን ነው? የቤት ዕጦት ነው የሚሉ አሉ። የሥራው ዋስትና ማጣት ነው የሚሉ አሉ። ልጆቻችሁን ጠይቋቸው። የኔዋ «ማሚ፣ መጀመሪያ አፓርታማ ልያዝ» ነው የምትለኝ። በስቶክሆልም ወረፋ አፓርታማ እስክትይዝ እኔ አያት ለመሆን አልደርስም።

ደቡብ ኮሪያን አላነሳም፣ እዚያ በ2023 ወደ 0.72 ወርዷል። ከዚያ አንፃር እኛ ጋ ሰርግ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፦ እኛ የት ነን?

በየአረጋውያኑ ቤት የሌሊት ፈረቃ ላይ ነና! በስቶክሆልም ዳርቻ አንድ ቤት ገብታችሁ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሠራተኞቹን ማረፊያ ክፈቱ። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ አረብኛ፣ ስፓኒሽ ትሰማላችሁ። የእጁን ጥያቄ እስካሁን ስዊድን የመለሰችው በእኛ እጅ ነው። ሌላ አገር ያሳደገውን፣ ያስተማረውን ጎልማሳ ተቀብላ። ይህን በኩራት ተናገሩት።

ግን እርስ በርሳችን እውነቱን እንነጋገር። ስደተኛ መጣ ማለት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የሚሠራ ስደተኛ ነው መፍትሔው። በውጭ ተወላጆች መካከል ያለው ሥራ አጥነት ከአገሬው ተወላጆች ከእጥፍ በላይ ነው። አንዳንዱ ቋንቋው ነው፣ አንዳንዱ ስሙን አይተው ሲቪውን ስለሚያስቀምጡት ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ የኛው ነገር ነው። ሁሉንም በአንድ ጎራ መጨፍለቅ አልወድም። ፖለቲከኛው «ሸክም ናቸው» ሲል ሌሊቱን ሙሉ የቆመችውን እህት ይሰድባል። «ሁሉም ችግር ዘረኝነት ነው» የሚለውም ሰው ማንንም ሥራ አላስያዘም።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም። እኛም እናረጃለን! በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የመጣነው እየደረስን ነው። ፀጉራችሁን እያየሁ ነው፣ ማቅለሚያው አይደብቀኝም።

የኛ እርጅና የት ላይ ይለያል? አንደኛ፣ ዘግይተን መጥተናል። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚከፈለው መሠረታዊ ጡረታ፣ ጋራንቲፔንሾን፣ ሙሉው የሚገኘው 40 ዓመት እዚህ ለኖረ ነው። በ42 ዓመቱ የመጣ ሰው 67 ሲሞላው 25 ዓመት ኖረ። ከ40 እጁ 25ቱን ነው የሚያገኘው። በስደተኝነት ጥገኝነት ላገኙ የተለየ ደንብ ስላለ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ከጓደኛ አትስሙ። የጎደለውን የሚደጉም ሌላ የአረጋውያን እርዳታም አለ፣ ግን ያለህን የባንክ ብር እየቆጠረ ነው የሚሰጥህ።

ሁለተኛ፣ ስቫርት፣ ግብር ሳይከፈልበት በስውር የሚሠራው ሥራ። ይኼው ሳቃችሁ! አንድ ወንድማችን አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ለዓመታት ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ከደመወዝ ወረቀት ውጭ በጥሬ ሲሠራ ኖረ። አሠሪው 31.42 በመቶውን የአሠሪ ክፍያ አዳነ። እሱ ግብሩን አዳነ። «ይህ መንግሥት ሊዘርፈኝ ነው?» ይል ነበር። አንድ ቀን ብርቱካናማውን ፖስታ ይዞ ቢሮዬ መጣ። የጡረታው ሒሳብ በየዓመቱ የሚላክባትን ፖስታ። ከፈተና «እህቴ፣ እስቲ አንብቢልኝ፣ አንድ ዜሮ የጎደለ መሰለኝ» አለኝ። ዜሮ አልጎደለም። በስሙ የገባ ነገር ነው የጎደለው። ያ ሁሉ ሽንኩርት የተከተፈበት ዓመት ወረቀቱ ላይ የለም።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ። ይህ ከሁሉም ያሳስበኛል። በሠራሁበት ቤት አንድ የፊንላንድ ተወላጅ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው መጥተው ፋብሪካ ሠርተዋል፣ ስዊድንኛ እንደ ውሃ ይናገሩ ነበር። የመርሳት በሽታ ሲይዛቸው ስዊድንኛው ከላይ እንደ ልጣጭ ተላጠ። ፊንላንድኛ ብቻ ቀረ። ማታ ይጣራሉ፣ አንረዳም። ይቆጣሉ፣ መድኃኒት እንሰጣለን። በኋላ አንዲት ፊንላንድኛ የምትችል ሠራተኛ መጣች። ስንት ጊዜ ስንታገላቸው የነበሩት ሰውዬ ሲፈልጉ የነበረው መስኮቱ እንዲከፈት ነው!

ፊንላንድኛ በዚህ አገር ሕግ ከአምስቱ ብሔራዊ አናሳ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ በብዙ ኮሙኖች ሽማግሌው በቋንቋቸው እንክብካቤ የመጠየቅ መብት አላቸው። አማርኛ ግን ከአምስቱ ውስጥ የለም። ትግርኛም የለም። ኮሙኑ ከፈለገ ያደርገዋል፣ ካልፈለገ የለም። «እናቴን እዚያ ቤት አላስገባም» የምትሉ ልጆች፣ ክብር ይስጣችሁ። ግን ሥራ ትታችሁ እቤት ስትቀመጡ ደመወዙም፣ የራሳችሁ ጡረታም አብሮ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ይህን የምትከፍለው ሴት ልጅ ናት፣ ወንድ ልጅማ በስልክ ነው የሚጦረው። አታጉረምርሙ፣ እውነት ነው!

እኔ የማስበው እንዲህ ነው። በዚህ አካባቢ በአረጋውያን እንክብካቤ የሠለጠነ አማርኛ ተናጋሪ ሞልቷል። ኮሙኑ ደግሞ ሠራተኛ አጣሁ እያለ ይጮኻል። ማኅበራችን እነዚህን ሁለቱን አገናኝቶ፣ አንድ ክፍል እንኳ አማርኛ የሚነገርበት ይሁን ብሎ ማመልከት አለበት። አንድ ኮሪደር፣ ስድስት ሰባት አልጋ። ስለ አዳራሽ ኪራይና ስለ ዓመት በዓል የምንሰበሰበውን ያህል ለዚህ አንድ ጊዜ እንሰብሰብ። በጀት ክፍል ሆኜ ነው የምላችሁ፣ በስም ዝርዝርና በቁጥር የመጣ ጥያቄ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በስሜት የመጣ ግን ይመሰገንና ይሸኛል።

አንድ ሰው ሲገባ «ለምን አገር ቤት ገብተን አናርፍም?» ብሎኝ ነበር። ይቻላል። ግን ይህን ያዙ፦ በሥራችሁ ያገኛችሁት ጡረታ የትም ይከተላችኋል፣ አዲስ አበባም። ጋራንቲፔንሾኑ ግን አይከተላችሁም። የቤት ኪራይ ድጎማውም እንደዚሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከቁጥራችሁ ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለዩ።

እዚያስ ምን አለ? የኢትዮጵያን ነገር ባጭሩ ልንካ። እዚያ ቀጣሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ፣ በ60 ዓመት ጡረታ ይወጣል። ግን ይህ ለደመወዝተኛው ነው። ገበሬው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው ውጭ ነው። ጧሪያቸው ልጅ ነው፣ ወይም እኛ ነን፣ ከዚህ የምንልከው። ጡረታ ያለውም ቢሆን ኑሮው ቀድሞታል። አጎቴ አርባ ዓመት ገደማ መንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገለ ሰው ነው። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት በ2022 «ጡረታዬ ከዘይት በኋላ ሽሮ ላይ ሳትደርስ ታልቃለች» አለኝ። አገሪቱ ገና ወጣት ናት፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው። ስዊድን የጎደላት እጅ እዚያ ሞልቷል፣ ሥራው ነው የጎደለው። ለጡረታ ሥርዓት መሠረት ለመጣል ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፣ ምክንያቱም ከፋዩ ብዙ፣ ተቀባዩ ጥቂት ነው። ይህ ጊዜ ግን ቆሞ አይጠብቅም። ወሊዱ እዚያም እየቀነሰ ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥማ ከቀነሰ ቆየ።

ሰብሳቢያችን ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው። እሺ፣ እሺ። ብርቱካናማ ፖስታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ ያቺ የግድግዳ ጠረጴዛ ጋ እጠብቃችኋለሁ። አንድ በአንድ እናነበዋለን። ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ የተከመረም ቢሆን ችግር የለም፣ መክፈቻ ቢላ ይዣለሁ። ለአማርኛው ክፍል ስማችሁን ማስመዝገብ የምትፈልጉ ወረቀቱ እዚያው ነው። የምትሠሩበትን ሙያ ጻፉ፣ ወላጅ ያላችሁ ደግሞ የወላጃችሁን ዕድሜና የምትኖሩበትን ኮሙን።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። እማማ፣ ማይኩ ይድረስዎት፣ ከእርስዎ እንጀምር።